ቢላውን ማን ሳለው? ከባልጩት እስከ ግራይንደር

ለያሆዴ ሁለት ቀን ሲቀረው በሆሳዕና ከተማ በየግቢው አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። ሰንጋው ተገዝቷል፤ ገንዘቡ በወንዶቹ ቱታ ዓመቱን ሙሉ ሲጠራቀም ከርሟል። ቅቤው በሴቶቹ ዊጆ ተሰብስቧል። ቡላው ደርሷል፣ እንጨቱ ተፈልጧል። ያልታሰበበት ነገር ቢኖር ቢላው ነው። ዓምና በሬ ከበለተ ወዲህ ሽንኩርት ሲከትፍ፣ ጀሪካን ሲቀድ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲልጥ፣ አንዳንዴም ካቻቢቴ ሆኖ ብሎን ሲፈታ የከረመው ቢላ ከኩሽና ይወጣና በአውራ ጣት ይዳሰሳል። ደንዟል።

አባት ሞረድ ይምጣ ይላሉ። እናት ሲኒ ገልብጠው በግርጌው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ፈተግ ፈተግ ያደርጉታል። ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣው ልጅ ሁለቱንም አይቶ ይስቅና "ምን ያደክማችኋል፣ ብየዳ ቤት ልውሰደው፤ በግራይንደር ሁለት ደቂቃ ነው" ይላል። ዱራሜም፣ ሺንሺቾም፣ አንጋጫም፣ ዶዮገናም ይኸው ነው። የበዓሉ አጠራር ከሀዲያ ወደ ከምባታ ሲሻገር ይለወጣል፤ የደነዘው ቢላ ጉዳይ ግን አይለወጥም።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። የክልል ወሰን፣ የኑሮ ውድነት፣ የደቡብ አፍሪካ ስደት እያለ ስለ ቢላ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ሆኖም ከሞረዱም፣ ከሲኒውም፣ ከግራይንደሩም ጀርባ ረጅም ታሪክ አለ፤ ታሪኩም ስለ ብረት ብቻ አይደለም። ይህ አገር ስለት የሚሠራለትን ሰው በምን ዓይን ሲያይ እንደኖረ የሚናገር ነው።

*

ከብረት በፊት ባልጩት ነበር። ባልጩት ከእሳተ ገሞራ ፈጥኖ የቀዘቀዘ ጥቁር የተፈጥሮ መስታወት ነው። በትክክል ሲመቱት የሚወጣው ስባሪ ጠርዙ ከማንኛውም የብረት ምላጭ ይቀጥናል። ስምጥ ሸለቆው በዚህ ድንጋይ የታደለ ነው። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ ገደሞታ በተባለው ቦታ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ከ270 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ከሆሳዕና ተነስቶ ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው ቦታው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። በዓለም ላይ የሰው ልጅ ስለት ሲያወጣ ከኖረባቸው ጥንታዊ ሥፍራዎች አንዱ የዚህ አካባቢ ጎረቤት ነው ማለት ነው።

የሚገርመው ግን ጥንታዊነቱ አይደለም፤ አለማለቁ ነው። በሌላው ዓለም የድንጋይ መሣሪያ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ከገባ ሺህ ዓመታት ሲያልፉት፣ በሀዲያ፣ በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በወላይታ፣ በጋሞና በኮንሶ ግን ቆዳ ፋቂዎች በድንጋይ ስለት መሥራታቸውን እስከ ቅርብ ጊዜ አላቋረጡም። በዚህ ምክንያት ከ1960ዎቹ ወዲህ በርካታ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ተመላልሰዋል። በመሬት ቁፋሮ የሚያገኙትን ስባሪ ማን፣ እንዴት፣ ለምን እንደሠራው ሊጠይቁት የሚችሉት ሕያው ባለሙያ እዚህ ነበርና። ኢትዮጵያውያኑ ዮናታን ሳህሌና አጋዚ ነጋሽ ከዴቪድ ብራውን ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት በቀጥታ የሀዲያን ቆዳ ፋቂዎች የተመለከተ ነው። ያነሱት ጉዳይ ለማያውቀው ሰው እንግዳ ሊመስል ይችላል፦ የመፋቂያው ባልጩት እየተሳለ እየተሳለ ሲያልቅ ቅርጹ እንደየሰዉ ምን ያህል ይለያያል? ከዚህስ በመነሳት በጥንት ቦታዎች ስለሚገኙት ስባሪዎች ምን ማለት ይቻላል?

ጥያቄው ከማሳል ጋር የተያያዘ መሆኑን ልብ ይሏል። ቆዳው ተወጥሮ፣ ባልጩቱ በእንጨት እጀታ ላይ ተተክሎ ፍቂያው ይጀመራል። ከጥቂት ፍቂያ በኋላ ስለቱ ይደነዝዛል። ባለሙያው ሥራውን አቁሞ ጠርዙን በትንሽ መምቻ ነካ ያደርገዋል፤ ቀጭን ቅርፊት ይወድቃል፤ ከሥሩ አዲስ ስለት ይወጣል። ደግሞ ይፍቃል፣ ደግሞ ይመታል። ድንጋዩ በያንዳንዱ ስለት እያጠረ ይሄድና በመጨረሻ ይጣላል። አብዝቶ የመታ ድንጋዩን ያለ ጊዜው ይጨርሳል፤ አሳንሶ የመታ ደግሞ ቆዳውን ይቀደዋል። በደነዘ መሣሪያ ከመታገልና መሣሪያውን በማሳል ከመጨረስ መካከል ያለችውን ልክ ማግኘት ያኔም ሙያ ነበር። የዛሬው የኩሽና ቢላ ጥያቄም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እነዚያ ባለሙያዎች ግን በማኅበረሰቡ ዘንድ ምን ስም ነበራቸው? በአማርኛ "ፋቂ"። ቃሉ ሥራውን ብቻ የሚናገር ነበር፤ ወደ ስድብ የለወጠው ሌላው ሰው ነው።

*

ብረት ሠሪውም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በሀዲያና በከምባታ የሸክላ፣ የቆዳና የብረት ሙያ በየቤተሰቡ የሚወረስ ነበር። ባለሙያዎቹ በጥቅሉ "ፉጋ" በሚል ስም ይጠሩ ነበር፤ ስሙ ዛሬ ማንም ሊጠራበት የማይወደው ነው፣ በትክክልም። እርሻ የሚያርሰው ሰው ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው፣ ጦሩና ቢላው በእነርሱ እጅ እንደሚያልፍ እያወቀ አብሯቸው አይበላም፤ ልጁን አይድርላቸውም፤ ቤቱ ቢመጡ ከበሩ አያሳልፋቸውም። የራሳቸው መሬት አልነበራቸውም። በሰሜንም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አልነበረም፤ እዚያ ብረት ቀጥቃጩ "ቡዳ" ነው ተብሎ ይፈራል። ከወናፉና ከመስፉ አጠገብ የሚያድር፣ እሳትን የሚያዝ ሰው ዓይኑም ያቃጥላል የተባለ ይመስላል።

ዳግማዊ አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው እየጠሩ መስደብ ከለከሉ። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ሁሉም በአዋጁ ተጠቅሰዋል፤ ሠራተኛውን መሳደብ ንጉሡን እንደ መሳደብ እንደሚቆጠር ተነገረ። አዋጁ እስከ ዛሬ በኩራት ይጠቀሳል፤ ሊጠቀስም ይገባል። ነገር ግን ዋቸሞ የምትባለው ቦታ በአባተ ቧያለው ዘመን ሆሳዕና ተብላ ከተማ መሆን በጀመረችባቸው በእነዚያ ዓመታት፣ አዋጁ ከገበያው ዳር ተቀምጦ ማጭድ ለሚሞርደው ሰው ምን አመጣለት ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አያኮራም። አዋጅ አፍን ሊዘጋ ይችላል፤ አብሮ ማዕድ የማያቀርበውን እጅ ግን አይዘረጋም። ለባለሙያዎቹ በተጨባጭ የተሻለ ነገር የመጣው በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለጭሰኛው ሲታወጅ ነው፤ ብዙዎቹ ያኔ የመጀመሪያውን የእርሻ መሬት አገኙ። ታዲያ ብዙዎቹ መሬቱን ሲያገኙ ወናፉን ተዉት። ማን ይፈርድባቸዋል? ስድብ የተከተለውን ሙያ ለልጁ ማውረስ የሚፈልግ አባት የለም።

እዚህ ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ለሆነው የሆሳዕናና የዱራሜ ሰው አንድ ታሪክ ማስታወስ ይቻላል። በአንደኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 ላይ በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ አልነበረም፤ ፍልስጥኤማውያን ሰይፍና ጦር እንዳይሠሩ ብለው ከልክለው ነበርና። ስለዚህ እስራኤላውያን ማረሻቸውንና መጥረቢያቸውን ለማሳል ወደ ጠላቶቻቸው ይወርዱ፣ ገንዘብም ይከፍሉ ነበር። በጦርነቱ ቀን ከሳኦልና ከዮናታን በቀር ሰይፍና ጦር የያዘ አልተገኘም። ፍልስጥኤማውያን ብረት ሠሪን የከለከሉት የጠላታቸውን እጅ ለማስፈታት ነው። እኛ ደግሞ የራሳችንን ብረት ሠሪ በስድብ አባረን ዛሬ ሰፌድ ሙሉ የውጭ ቢላ ገበያ ላይ እንዘረጋለን። የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር ይቻላል።

*

ቀጥቃጩ የሚሠራበት ብረት በአንድ ወቅት በእጅጉ ተለውጧል። በጥንት ብረት ከአፈር ይነጠር ነበር፤ በደቡብ ኦሞ ዲሜዎች ይህን ሙያ እስከ ቅርብ ጊዜ ያውቁት ነበር። ከውጭ የሚገባ ዘንግ ብረትም ነበር። ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ግን መንገድና የጭነት መኪና ሲበዙ ሌላ ምንጭ ተገኘ፤ ባሌስትራ። ስሙ ራሱ የጣሊያን ነው። የመኪና ባሌስትራ ክብደት ተሸክሞ እንዲተጣጠፍና ተመልሶ እንዲዘረጋ ተብሎ የሚሠራ ብረት ስለሆነ በውስጡ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ካርቦን ያለው ብረት በእሳት ግሎ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ቀጥሎ በመጠኑ ሲሞቅ መሰባበሩ ቀርቶ ስለት ይይዛል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ሲወድቅ ባሌስትራው ወደ ቀጥቃጩ ይሄዳል፤ ገጀራ፣ ማጭድ፣ ቢላ ሆኖ ይመለሳል። በአገራችን ገጠር እጅግ የተሳካው የብረት መልሶ መጠቀም ፕሮጀክት ምናልባት ይህ ነው፤ ስብሰባም ሆነ አበል አልጠየቀም።

የባሌስትራ ቢላ ያለው ሰው ጸባዩን ያውቃል። መልኩ አያምርም፣ ይዝጋል፣ ሳይደርቅ ካደረ በማግስቱ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን ድንጋይ ላይ ትንሽ ሲያሹት ስለቱ ይመለሳል፤ ቶሎም አይደነዝዝም።

የሚያብረቀርቀው የማይዝግ ቢላ ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ ሼፊልድ ሃሪ ብሬርሊ የተባለ ባለሙያ ክሮሚየም የበዛበት ብረት እንደማይዝግ አስተዋለ። ዛሬ በየሱቁ በላስቲክ እጀታ ተንጠልጥሎ የሚሸጠው የቻይና ቢላ የዚያ ግኝት የልጅ ልጅ ነው። ከርካሹ ወገን የሆነው ለስላሳ ነው፤ በቀላሉ ይሳላል፣ በቀላሉም ይደነዝዛል። ደነዘ ማለት ተበላሸ ማለት ስላልሆነ መጣል አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ብዙ ቤት አዲስ መግዛት ይቀለዋል፤ ለዓመቱ መስቀል ሦስት ደነዝ ቢላ ተደርድሮ አንድም የሚቆርጥ የሌለው ለዚህ ነው።

*

እንግዲህ ወደ ግቢው ክርክር እንመለስ። ሞረድ፣ ሲኒ ወይስ ግራይንደር?

ከሁሉ መጥፎው የልጁ ሐሳብ ነው። የግራይንደር ድንጋይ በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይዞራል፤ የተሠራውም ብየዳ ለማስተካከል ነው። ቀጭን የቢላ ጠርዝ ሲነካው በሰከንድ ውስጥ ይግላል። የሚግለውን ብረት ቀለሙ ይናገራል፦ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ፈዛዛ ቢጫ፣ 250 ገደማ ቡናማ፣ 300 ሲደርስ ሰማያዊ። ከብየዳ ቤት በተመለሰው ቢላ ጠርዝ ላይ ሰማያዊ መስመር ከታየ፣ ቀጥቃጩ በእሳትና በውኃ የሰጠው ጥንካሬ እዚያ ቦታ ላይ ለስልሷል። ለአንድ ሰዓት ይቆርጣል፤ ምክንያቱም ጠርዙ እንደ መጋዝ ሸካራ ሆኗል። ሁለተኛው ሽንጥ ላይ ሲደርስ ግን ያበቃል። ከዚህ ሌላ በየጊዜው አንድ ዓመት የሚያገለግል ብረት እየተበላ ሰፊው ቢላ በሦስት መስቀል ውስጥ ቀጭን ወስፌ ይሆናል። በበዓል ሰሞን በፔዳል ወይም በሞተር የሚዞር ድንጋይ ይዘው የሚሠሩ ሰዎችም በመርህ ከዚህ አይለዩም፤ ልዩነቱ ያለው በሰውየው ነው። ቀስ ብሎ የሚያዞር፣ ቢላውን ቶሎ ቶሎ ውኃ ውስጥ የሚነክር ከሆነ ባለሙያ ነው። ብልጭታ እያዘነበ ሕፃናትን የሚያስጨፍር ከሆነ ገንዘቡን ለትርዒቱ ነው የምትከፍሉት።

ሞረድ በቦታው ጥሩ ነው። ለገጀራ፣ ለመጥረቢያ፣ ለማጭድና ለዶማ ከሞረድ የተሻለ የለም። ለሥጋ ቢላ ግን ጥርሱ ይበዛበታል፤ ጠርዙን ያፋጫል፣ ጠንካራ ቢላ ላይ ደግሞ ራሱ ሞረዱ ይንሸራተታል። ከሱፐርማርኬት የሚገዛው፣ ቢላውን መሐሉ አስገብተው የሚጎትቱት ትንሽ መሣሪያም የሞረድ ዘመድ ነው። ብረቱን ይልጠዋል እንጂ አይስለውም፤ ለሚቸኩል ሰው እንጂ ቢላውን ለሚወድ አይሆንም።

የእናት ሲኒ ግን ሳይንስ አለው። የሲኒ ግርጌ ላይ ሳይለሰልስ የሚቀረው ሻካራ ቀለበት የተቃጠለ ሸክላ ነው፤ ከብረቱ ይጠነክራል፣ ደቃቅም ነው። በትክክለኛ አያያዝ አምስት ስድስት ጊዜ ቢታሽበት መለስተኛ ድንዛዜን ያነሳል። ጉድለቱ ቀለበቱ ጠባብ መሆኑ ነው፤ ጨርሶ የሞተን ቢላ አያስነሳም። ሲኒም ይሰበራል፤ ረከቦቱ አንድ ሲጎድልበት ደግሞ ጥፋተኛ መፈለጉ አይቀርም።

ሥጋ ቤት ውስጥ ባለሙያው በግራ እጁ ይዞ ቢላውን ጫር ጫር የሚያደርግበት ረጅም ዘንግ ብዙ ሰው ያሳስታል። ያ ዘንግ በዋናነት አይስልም። ቀጭን ጠርዝ በሥራ ብዛት ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል፤ ዘንጉ ያንን መልሶ ያቃናዋል። ለዚህ ነው ሥጋ ቆራጩ በየደቂቃው የሚያደርገው፤ ማታ ግን ወደ ድንጋይ ይመለሳል። ጨርሶ ክብ የሆነን ጠርዝ በዘንግ ማሸት ቅስቀሳ ብቻ ነው።

ለቤት ከሁሉ የሚሻለው ባለ ሁለት ፊት መሳያ ድንጋይ ነው፤ በአንድ ፊቱ ሻካራ፣ በሌላው ደቃቅ። በብረታ ብረት ሱቆች የሚገኘው ግራጫ ድንጋይ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊከን ካርባይድ ነው፤ አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቺሰን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ምድጃ የሠራው፣ "ካርቦረንደም" ብሎ የሰየመው። አንድ ድንጋይ በአግባቡ ከተያዘ ለአንድ ቤት የዕድሜ ልክ ዕቃ ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይፈልግም። ድንጋዩ ውኃ ይጠጣ፤ እርጥብ ጨርቅ ላይ ይቀመጥ፣ እንዳይንሸራተት። ቢላው ድንጋዩ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም 90 ዲግሪ ነው፤ ግማሹ 45፣ የግማሹ ግማሽ ከ22 ትንሽ ከፍ ይላል። ከዚያ ትንሽ ዝቅ ቢል ለሥጋና ለአትክልት የሚበቃውን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያገኛሉ። ከተያዘ በኋላ ዋናው ነገር ማዕዘኑን አለመለዋወጥ ነው። በሻካራው ፊት በአንድ ጎን ብቻ ከተረከዙ እስከ ጫፉ እየገፉ መሥራት፤ መቼ እንደሚበቃ የሚነግረው ዓይን ሳይሆን ጣት ነው። ከሌላው ጎን ጣትን ከጠርዙ ወደ ውጭ ቢያሻሹት ቀጭን የብረት ፀጉር ትሰማለች። ያች ፀጉር በጠርዙ ርዝመት ሁሉ ካልተሰማች ቢላው ገና አልተሳለም፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው ከዚህ በፊት ነው፣ "ድንጋዩ አይስልም" የሚለውም ለዚህ ነው። ስትሰማ ይገለበጥና በሌላው ጎን ይደገማል። ቀጥሎ በደቃቁ ፊት፣ በቀላል እጅ። በመጨረሻ ያረጀ የቆዳ ቀበቶ በሻካራ ጀርባው በኩል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ቢላው ስለቱ ወደ ኋላ ሆኖ አሥር ጊዜ ይጎተትበታል። የቀረችው ፀጉር ትወድቃለች።

መፈተኛው ቲማቲም ነው። ሳይጫኑት በራሱ ክብደት ቆዳዋን ከቀደደ ተስሏል። ሽማግሌዎች ክንዳቸው ላይ ፀጉር ሲላጩበት ይታያል፤ ይሠራል፣ ግን ለልጆች የሚታይ ትምህርት አይደለም።

*

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ክትፎ የሚወድ ሰው መልሱን ያውቃል። ስል ቢላ ሥጋውን ይቆርጠዋል፤ ደነዝ ቢላ ይጨፈልቀዋል፣ ውኃውን መክተፊያው ላይ አፍስሶ ድልህ የሚመስል ነገር ያተርፋል። ሽንኩርትም እንዲሁ፤ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ የሚወጣው ከተጨፈለቀው ክፍል ስለሆነ ደነዝ ቢላ የያዘች ሴት ይበልጥ ታለቅሳለች። ጣት የሚቆርጠውም ብዙ ጊዜ ደነዙ ነው፤ ተጭነው ሲገፉት ስለሚያመልጥ።

ለሚታረደው እንስሳም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በእስልምና ትምህርት አራጁ ቢላውን አስቀድሞ እንዲስልና እንስሳውን እንዳያሠቃይ ታዟል፤ ክርስቲያኑም ቢሆን በደነዝ ካራ አንገት ሲገዘገዝ ማየት አይወድም። ሀዲያ ውስጥ ሁለቱም እምነቶች ጎን ለጎን ስለሚኖሩ በዚህ አንድ ነገር ላይ የሚከራከር የለም።

ብዙም የማይነገረው የቆዳው ጉዳይ ነው። የቆዳ ፋብሪካዎች ለአሥርት ዓመታት ሲያማርሩበት ከነበሩት ችግሮች አንዱ በገፈፋ ጊዜ በቢላ የሚደርሰው ቁስልና ቀዳዳ ነው። አብዛኛው እርድ በቤት ስለሚካሄድ፣ የሾለ ጫፍ ያለው የኩሽና ቢላ በጉልበት ይገፋና ቆዳውን ይበሳዋል። ለገፈፋ የሚሻለው ጫፉ የጎበጠና ስለቱ የተስተካከለ ቢላ ነው፤ ቀሪውን በቡጢ መግፋት ይቻላል። የበሳው ቆዳ ዋጋው ይወድቃል። ባለፉት ዓመታት ደግሞ የጥሬ ቆዳ ገበያ ራሱ ወድቆ፣ በበዓል ማግስት ቆዳና ሌጦ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ማየት ተለምዷል። በአንድ ወቅት አገሪቱ ከቡና ቀጥሎ የምትኮራበት ሸቀጥ ነበር።

ይህ ደግሞ ወደ ባልጩቱ ባለሙያ ይመልሰናል። ፋቂው ቆዳውን የሚፈልገው አልጋ ላይ ለሚነጠፍ ቁርበት፣ ለስልቻ፣ ለልጅ ማዘያ ነበር። አሁን ፍራሽ አለ፣ ጀሪካን አለ። በሀዲያ የድንጋይ መፋቂያ የሚያውቁ ሰዎች እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸው ሆሳዕና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ ወይም ጆሃንስበርግ ሱቅ ይጠብቃሉ። ከስድቡ ማምለጣቸው ደስ ይላል። ሙያው ግን በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ ተመዝግቦ በሀዲይሳም በአማርኛም ሳይጻፍ መቅረቱ ሌላ ነገር ነው። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች፤ አዳዲስ የቢሮ ሕንፃዎች ይሠራሉ። ከእነዚያ ክፍሎች በአንዱ የባልጩት መፋቂያ ከነእጀታው፣ የባሌስትራ ማጭድ ከነወናፉ፣ ከባለሙያዎቹ ስምና ፎቶግራፍ ጋር ቢቀመጥ ወጪው ከአንድ የስብሰባ ምሳ አይበልጥም።

የመስቀል ዕለት ጠዋት ግን የሚሆነው ይታወቃል። ከብየዳ ቤት የተመለሰው ቢላ ሰማያዊ መስመሩን ይዞ የመጀመሪያውን በሬ ያርዳል፤ ብልት ሲጀመር ይለግማል። አባት ዝም ብለው ልጃቸውን ያዩታል። ልጁ ሦስት ቤት አልፎ ወዳለው ጎረቤት ይላካል፤ እዚያ አንድ መሳያ ድንጋይ አለ፣ መሐሉ በአጠቃቀም ብዛት ጎድጉዷል። ድንጋዩ ግን ቤቱ የለም። ከንጋት ጀምሮ ከግቢ ግቢ እየዞረ ነው፤ አሁን ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ካሉት ሰዎች ዘንድ እንደሆነ ይነገረውና ልጁ ቢላውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደዚያ ይሄዳል።